ቁልቁል የተመሰከረለት መኪና

ለክቡር የአገለገሉ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ምርመራና ግምት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ለስላሳው ወንበርዎም ሳይቀር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ እምነት በማስቀደም እጀምራለሁ። በተለይ ኩላሊቶችዎ ሁለቱም ያለ እንከን እንዲሠሩ ከልብ እመኛለሁ፤ ስለ ኩላሊትዎ ምን አገባት እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ጥቂት ከታገሡኝ ግን እደርስበታለሁ። ዕድሜ ልኬን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ የዳይሬክተሮችን ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ፣ አለቃ እንዴት ሰላም እንደሚባል አሳምሬ አውቃለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያወጣሁትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው የቀደሙት ደብዳቤዎች እርስዎ ያሉበት ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርሱ ባትሪ ጨርሰው ደረጃው ላይ ቀርተው እንዳይሆን ስለሰጋሁ ብቻ ነው።

በቅድሚያ ታላቅ ወንድሜን ላስተዋውቅዎ። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሰፈሩ ደግሞ «ደቂቃ» ይለው ነበር፤ ሰዓት ሠሪ ነበርና የሰው ሰዓት ተቀብሎ «አንድ ደቂቃ» ካለ ሳምንት ያቆየዋል። ወላጆቻችን ተከታትለው ሲያልፉ እሱ ትምህርቱን ትቶ እኔን አስተማረኝ፤ አባትም እናትም ሆኖ አሳደገኝ፣ ራሱ ግን ትዳር ሳይይዝ ቀረ። ኩላሊቶቹ አልሠራም ካሉ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን መታጠብ ነበረበት። ማሽኑ ያለው ደግሞ ከተራራ ጫፍ ካለችው ከተማችን ጠመዝማዛውን መንገድ ወርደን በምናገኘው፣ ከሸለቆው ሥር ባለው ሆስፒታል ብቻ ነው። አውቶቡሱ እሱ ከማሽኑ ሳይነሣ ይመለሳል፤ ኮንትራት መኪና ደግሞ ጡረታዬን ወሩ ሳይጋመስ ሙልጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ወንድም ጋሼ ሱቁን ሸጦ አገልግሎት የሰጠ የኤሌክትሪክ መኪና እንግዛ አለ፤ ሰዓት የሠራ ሰው ባትሪ አያጣውም ብሎ ቀለደ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥዎ። ይህ በየመኪና መሸጫው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ፣ የመኪናውን ዋጋ ወስዳችሁ ጽሕፈት ቤቱ በመሰከረለት ርቀት አካፍሉ፣ ትንሹ ቁጥር የወጣለትን ግዙ ይላል። ከመኪና መሪውን እንጂ ሌላውን ለይታ ለማታውቅ እንደ እኔ ላለች ሴት ይህ እንዴት ያለ እፎይታ መሰለዎ! ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ጋር በተያያዘው ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዱ ነጭ ነው፣ ገና አዲስ ቢጤ፣ ወንበሩ ያልተነካ፤ የርቀት ምስክር ወረቀቱ ግን በአንድ ሙሉ ቻርጅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይላል። ሌላው ግራጫ ነው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የሾፌሩ ወንበር ፕላስተር የተለጠፈበት፣ በዋጋም ረከስ ያለ፤ ምስክር ወረቀቱ ግን ሦስት መቶ ሃያ ይላል። ወንድም ጋሼ የሰዓት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ማኅተሙን መረመረ፤ ነጋዴውም እኔን አትመኑኝ፣ ማኅተሙን እመኑ አለን። ምስኪን፣ በሕይወቱ አንድ እውነት ተናግሮ ከሆነ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ማኅተሙን አመንን፣ አካፈልን፣ ግራጫውን ገዛን። ነጩን የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ገዛው፤ በዚያን ቀን ማታ እኔና ወንድም ጋሼ፣ ሰውየው ሰንጠረዥ ማንበብ ሳይችል ቀርቶ ተበላ ብለን ከልባችን አዘንንለት። አዘንንለት፣ ክቡር ሆይ!

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ቀን ጉዟችን። ስንወርድ መኪናው ልብ ያሞቃል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ ባትሪው መልሶ ስለሚሞላ የቻርጁ ቁጥር ንቅንቅ አልል አለ፤ ወንድም ጋሼ ይህ መኪና መንገዱን እየበላ የሚሄድ ነው እያለ ሲስቅ ሆስፒታል ደረስን። ማሽኑ ላይ ብዙ ሰዓት ተኝቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ብርድ ብርድ እያለው ሲወጣ ደግፌ አስገባሁትና ዳገቱን ጀመርን። ያን ጊዜ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ይወርድ ጀመር። ማሞቂያውን አጠፋሁ። ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ወንድም ጋሼ ጫማዬን ላውልቅና እንጣለው፣ ክብደት ይቀንሳል አለኝ፤ እንዲያ ደክሞት እንኳ መቀለዱን አልተወም። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከገደሉ ጥግ ያለው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መኪናው ቀጥ አለ። ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል፤ የእኔን ነጠላ በኮቱ ላይ ደረብኩለት። እኔ መንገድ ላይ ወጥቼ እጄን ስዘረጋ ስንት መኪና እንዳለፈኝ አልነግርዎትም። በመጨረሻ የቆመልን ነጩ መኪና ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ባዶ ሣጥኖቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋ ገፋ አድርጎ ወንድሜን አስገባልኝ፤ ማሞቂያውንም ሳልጠይቀው እስከ ጥግ ከፈተው። ያ የተበላው ሰውዬ ማለቴ ነው።

ሦስተኛ፣ በሆስፒታሉ ግቢ ስለ አቆማችሁት የቻርጅ ማድረጊያ። ቆሟል፣ ያምራል፣ ኤሌክትሪኩም ገብቶለታል ይባላል። እርስዎ መጥተው እስኪመርቁት ድረስ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ ዘበኛውም ማንም እንዳይነካው ጥብቅ ትእዛዝ እንዳለው ነግሮኛል። የጊዜዎን መጣበብ ስለምረዳ በዚህ አላስቸግርዎትም።

አራተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቀርቤ ሦስት መቶ ሃያው ከየት እንደመጣ በጠየቅሁ ጊዜ ስለተደረገልኝ መልካም መስተንግዶ። ወንበር ተሰጠኝ። መርማሪዎ፣ ጫማው መስታወት የሚመስል ጨዋ ሰው፣ አሠራራችሁን ምንም ሳይደብቅ፣ እንዲያውም በኩራት አስረዳኝ። ሾፌሩ መኪናውን ከጽሕፈት ቤቱ በር አስነሥቶ እስከ ወንዙ ድልድይ ይነዳዋል፤ ስንት እንደፈጀ ታይቶ በዚያው ሒሳብ ሙሉው ባትሪ ስንት እንደሚሄድ ይሰላል። ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ድልድዩ ሸለቆው ሥር ነው። ታዲያ ሲመለስስ ብዬ ጠየቅሁት። በጭነት መኪና ተጭኖ ነው የሚመለሰው፣ ለሙከራ መመለሻ በጀት አልተያዘልንም አለኝ። ይህን ሲለኝ አልሳቀም፤ አለመሳቁ ነው ወሽመጤን የቆረጠው። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ጸሐፊነቴ ለስንት ጉድ በጀት ተይዞ ስተይብ ኖሬያለሁ፤ መመለስ በበጀት እንደሚያዝ ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

አምስተኛ፣ ይህኛው ከሁሉ የሚያስመሰግናችሁ ነው። ግራጫውን ሸጠን፣ ጥቂት ጨምረን የዳቦ ጋጋሪውን የሚመስል መኪና እንፈልግ ብለን ለግምት አመለከትን። ከላይ ያለው ጽሕፈት ቤት የሚያስተናግደው ነጋዴዎችን ብቻ ነው፣ ግለሰቦች ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ሂዱ ተባልን፤ ሄድን። የታችኛው ቅርንጫፍ ያለው ድልድዩ አጠገብ ነው። ማኅተሙ ያለው ግን ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የሚመረመር መኪና እየተሞከረ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ያው ግራጫ መኪና፣ በዚያው ባትሪ፣ በዚያው ወንበር ፕላስተር፣ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ተመሰከረለት፤ በሰንጠረዥዎ ሲሰላም ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ያን ጊዜ ነው የነጩ ምስጢር የገባኝ። የነጩ የቀድሞ ባለቤት እንደ እኔ ግለሰብ ነበረና መኪናውን ዳገቱን አስወጥታችሁ ነው ሁለት መቶ ያላችሁት፤ በዳገት ሁለት መቶ! እኛ የወጣውን ጥለን የወረደውን መረጥን፣ ወረቀቶቹ ላይ ያለው ማኅተም ግን አንድ፣ ፊርማውም አንድ ነበር፤ የእርስዎ። ተገዝቶ ሲመጣ ቁልቁል፣ ሊሸጥ ሲሄድ ሽቅብ የሚለካ ዕቃ ሌላ የት እንዳለ ቢነግሩኝ ዕውቀቴን ያሰፉልኛል።

መኪናው ለሌላ መግዣ የሚበቃ ዋጋ ስላላወጣ በግራጫው መመላለሱን ቀጠልን። አንዳንድ ቀን ይደርሳል፤ አብዛኛውን ቀን መታጠፊያው ጋ ይቆማል። ዳቦ ጋጋሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በጠዋት ስለሆነ ሁልጊዜ አይገኝም። እኔ እንደተለመደው ወጥቼ እጄን እዘረጋለሁ፤ ወንድም ጋሼ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ያየኛል።

ስድስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ለዚህ የሚሆን የደብዳቤ ቅርጽ አላስተማሩኝም። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ ደስ ብሎት፣ ነርሷ ተሽሎሃልና ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሃል አለችኝ ብሎ ነገረኝ። በደስታ የማደርገውን አጣሁ፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ቆይቶ ሁለቱም ወደ አንድ ወረደ፤ ያኔ ግን ፊቱ አብጦ፣ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት ነበርና ደነገጥኩ፣ እሱ ግን ውፍረት ነው አለኝ፣ ቀለደ። ነርሷ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አልወጣም። እውነቱን የነገረችኝም እሷው ናት፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ። እህቴ ለእኔ ብላ መንገድ ላይ እጇን ዘርግታ ስትለምን ከማይ ሕክምናው ቢቀርብኝ ይሻለኛል ብሏት ነበር። እኔ፣ እሱ ያስተማረኝ ልጅ፣ ለማንም እጇን እንዳትዘረጋ ብሎ ያሳደገኝ ልጅ።

አንድ ንጋት መተንፈስ አቃተው። ግራጫው ውስጥ አስተኝቼው ወረድኩ። በዚያ ጠዋት መኪናው እንከን የለሽ ነበር፤ ቁጥሩ ንቅንቅ ሳይል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ልክ ምስክር ወረቀቱ እንደሚለው ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሰን። ለዚህ ቃሌን እሰጣለሁ፣ በዚያ ጠዋት ጽሕፈት ቤትዎ አልዋሸም። ወንድም ጋሼ በማግስቱ በሆስፒታሉ የአስከሬን መኪና ዳገቱን ወጣ። ያ መኪና መታጠፊያው ጋ አልቆመም፤ አብሬው ተሳፍሬ በመታጠፊያው ስናልፍ ግን እኔው ቆሜ የምለምን መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

ካሣ አልጠይቅዎትም፤ ብጠይቅም ከላይ ይለካ ከታች እስኪወሰን ዕድሜዬ አይበቃም። የምጠይቅዎት አንድ ትንሽ ነገር ነው። በሥራ ቀን፣ በሚመችዎ ሰዓት፣ ግራጫው ውስጥ ከጎኔ ቢቀመጡልኝ። አብረን እስከ ሆስፒታሉ እንወርዳለን፣ ያንን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገርዎን ያያሉ፤ ከዚያ አብረን እንመለሳለን። ብርድ ልብስ እኔ አመጣለሁ። መታጠፊያው ጋ ሲቆም ወርጄ እለምንልዎታለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እርስዎ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ማየት ብቻ ነው።

ላደረጋችሁልን ሁሉ፣ ለሰንጠረዡ፣ ለወንበሩ፣ ለመርማሪዎ ጫማ ማንጸባረቅ፣ በተለይም ሁልጊዜ ላደረሰን ቁልቁለት፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ካለበት ሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱም ሲወጡም እግርዎን አያደናቅፍዎ፤ በደህና የወጡ ሁሉ በደህና እንዲገቡ፣ ቤትዎም የሚጠብቅዎ ሰው እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለና ባትሪው በማያልቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሰዓት ሠሪው የደቂቃ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ መኪናውን ቤቴ በር ላይ አቁሜ ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ፤ ሁለቱንም የርቀት ምስክር ወረቀቶች፣ የላይኛውንና የታችኛውን፣ የፊት መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ለጥፌያቸዋለሁ። ትናንት ሁለት ሠራተኞችዎ መጥተው አንድ መኪና ሁለት ምስክር ወረቀት ሊለጠፍበት ስለማይችል አንዱን በአስቸኳይ እንድልጥ አዘዙኝ። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ስለሆነ፣ የትኛውን እንደምልጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።