ማይክራፎኑ ጀርባውን ሰጥቶሽ ነበር

ሌንሴ ኮ፣ የእኔ ሌንሴ፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ናፍቆቴ እንዳለ ነው፤ ቁጣዬ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ለሁሉም ነገር እቆጣ ነበር፤ ለተጣመመ መጋረጃ፣ ለዘገየ ባጃጅ፣ ጠመኔ ለሚሰብር ተማሪ። አንቺም ትስቂብኝ ነበር። አሁን ቁጣዬ ተሰብስቦ አንድ ቦታ ገብቷል። የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሲፈን ባኮ ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ በወር አንዴ የበቆሎ እሸት ተሸክማ ትመጣለች። የጎረቤቱ ወፍጮ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል። ሳሎናችን ግን ሳሎን መሆኑ ቀርቷል፤ የቀረጻ ስቱዲዮ አድርጌዋለሁ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ከጎጆ ከተማ ያመጣሽውን ቡልኮ ግድግዳው ላይ ቸነከርኩት። «ምስማሩ ቀደደው ወይ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አልቀደደውም፤ በስፌቱ በኩል ነው የመታሁት።

ስቱዲዮ የከፈትኩት ሙዚቃ ወድጄ አይደለም። ለበቀል ነው። ኢንጂነሩን ደንበኛ ላሳጣው ነው።

አምቦ ሁሉ «ኢንጂነሩ» የሚለው ያ የስቱዲዮ ባለቤት የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ያን ቀን አብሬሽ ነበርኩ። የመዘምራኑ አልበም ሲቀረጽ ዜማውን ያወጣሽውም የምትመሪውም አንቺ ነበርሽ። እሱ በዚያው ሳምንት አዲስ ማይክ ገዝቶ ነበር፤ በእጅ የማይያዝ፣ በብረት ላይ የሚቆም። አሥራ አንድ ጊዜ አስደገመሽ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት፣ «አዴ ሌንሴ፣ አይክፋሽ፤ ድምፅሽ ከጓዳ ነው የሚመጣው። አርጅቷል» አለሽ። ቦታሽን ለአንዲት ወጣት ሰጠው። እሷ አዲሱን ማይክ ፈርታ በእጅ የሚያዘውን የመድረክ ማይክ ጠየቀች፤ በእሱ ዘመረች፤ ድምፅዋም ጥርት ብሎ ወጣ።

አንቺ ከዚያ ቀን በኋላ ልብስ ስታጥቢ እንኳ አላዜምሽም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጪ ጀመር። ኩላሊትሽ ሲወስድሽም ለቅሶ የመጣው ሰው፣ «ለካ ያኔ ነው የጀመራት፤ ድምፅዋ ተናግሮ ነበር» ተባባለ። ኩላሊትን ከጉሮሮ ምን አገናኘው?

አቅሜ የሚያስገዛኝ አንድ ማይክ ብቻ ስለነበር እንደ ፈተና ተዘጋጀሁበት። ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዳይናሚክ የሚባለው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ አፉ ሥር ቀርበው ካልተናገሩ ብዙም አይሰማም፤ ስለዚህ የውጭውን ጫጫታ ይተዋል። ኮንደንሰር የሚባለው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው፣ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ለተሠራ ቤት የትኛው እንደሚሻል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ይመልሰዋል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረው ባልሽ ግን ሳተው። ኢንጂነሩ ኮንደንሰር ስላለው ከእሱ ያነሰ አልገዛም ብዬ ኮንደንሰር ገዛሁ።

አቀማመጡን የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ አብሮት የመጣው ወረቀት ደግሞ የተጻፈው በቻይንኛ ነበር። ቀና ስል ፎቶሽን አየሁ። ያን ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ከፊት ለፊትሽ ቆሜ ያነሳሁሽ፣ ለለቅሶው አጉልተን ያሳተምነው ፎቶ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ትዘምሪያለሽ፤ ከፊትሽ ማይኩ ቆሟል፤ የፋብሪካው ምልክት ወደ እኛ፣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለሙያ ያቆመው ነው ብዬ ልክ እንደዚያ አቆምኩት። ምልክቱ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እኔ በሌላው በኩል ተቀምጬ አነበብኩ።

ሲፈን ማዳመጫውን አድርጋ ሰማችና ሳቀች። «አባ፣ ወፍጮው ካንተ ይሻላል። ያንተ ድምፅ ከጓዳ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

ይህን ስትል ኢንጂነሩ ምን እንዳለሽ አታውቅም ነበር። አንቺም እኔም ነግረናት አናውቅም። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ተሳደብኩ። እሷ በቀልድ፣ «ምናልባት አኩርፎህ ይሆናል፤ ያንተን ጠባይ ወርሶ» ብላ ማይኩን ወደ እኔ አዞረችው። ድጋሚ አነበብኩ። ድምፄ ሙሉ ሆኖ ከነትንፋሹ መጣ። ለካ ይህ ዓይነቱ ማይክ የሚሰማው በአንድ ጎኑ ነው። ምልክት ያለበት ፊቱ ነው፤ ሌላው ጀርባው ነው።

እንደገና ፎቶሽን አየሁት። ማስረጃው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሎ ኖሯል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ አይቶታል።

ፎቶውን ከነክፈፉ አውርጄ በባጃጅ ኢንጂነሩ ዘንድ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጣቴን ምልክቱ ላይ አደረግሁ። አልደነገጠም፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። «አውቃለሁ መምህር» አለኝ። «በወሩ ነው ያወቅሁት። ታዲያ ኢንጂነሩ ማይክ ገልብጦ አቆመ ልባል ነው?»

በወሩ! አንቺ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ኖረሻል። ከእሱ በር እስከ እኛ በር በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

አልመታሁትም። ዱላ ቶሎ ያልቃል።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ላከብኝ፤ ኦቦ ቶለሳንና ሌሎች ሁለት ጃርሶሊ። በግ ይታረድ፣ ይቅር ተባባሉ አሉኝ። በግ አልፈልግም አልኩ። መዘምራኑ ባሉበት እኔ ቤት መጥቶ መጀመሪያ ያንቺን ዜማ በማይኩ ጀርባ ይዘምር፤ ከዚያ ማይኩን አዙሬለት ያደረገውን በፊቱ በኩል ይናገር። ኦቦ ቶለሳ፣ «ይሄ እርቅ ነው ወይስ ፈተና?» ሲሉኝ፣ «ፈተና ነው ኦቦ፤ እኔ መምህር ነኝ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወፍጮው ከቆመ በኋላ መጡ። ዘመረ፤ አሰማሁት። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። አጠገብሽ ትቆም የነበረችው አዴ ብርቄ፣ «አዬ ኢንጂነር፣ አይክፋህ፤ አርጅተሃል! ከጓዳ ነው የምትመጣው!» አለችው። ሴቶቹ አግዳሚው ወንበር እስኪንቋቋ ሳቁ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ። እኔም ደስ አለኝ። ላንቺ አልዋሽም፤ ከሞትሽ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማይኩን አዞርኩለት። «የሌንሴ ድምፅ ደህና ነበር። ማይኩን ገልብጬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አውቄም ዝም አልኩ» አለ። ምራቁን ሲውጥ እንኳ ይሰማል። አዴ ብርቄ ሳቋ ቆመ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተቃቀፉ አሉን። አላቀፍኩትም። ኦቦ ቶለሳ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲሄዱ ፎቶሽ ሥር ቆም አሉና፣ «ለመሆኑ መምህር፣ ይህን ፎቶ ያነሳው ማነው?» አሉኝ።

በሩን ከፍቼ ሸኘኋቸው። መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ምልክቱ እኔን ነበር ፊት ለፊት የሚያየው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዘሽ፣ «እውነት ድምፄ አርጅቷል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስትዘምሪ የሰማሁሽ እኔ፣ ድምፅ ምን እንደሆነ ለሰው ልጅ የማስተምረው እኔ፣ «ባለሙያው ነው የሚያውቀው» አልኩሽ። እጅሽን ለቀቅሽ። እስከ ቤት ድረስ መንገድ መንገዱን አየሽ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ የማይኩን ፊት ወደ እኔ አዞርኩት። ምልክቱን ሁለት ጊዜ አየሁ። ኢንጂነሩ በተቀመጠበት ወንበር ተቀምጬ ባጃጅ ውስጥ ያልኩሽን ቃል በቃል፣ ያኔ ልልሽ የሚገባኝንም ጨምሬ ተናገርኩ፤ ቀዳሁትም። የእሱና የእኔ ቅጂ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሱ ከእኔ ያጥራል።

በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ ርካሹን ዳይናሚክ ጨምሬያለሁ፤ ከመጀመሪያውም የሚበቃኝ እሱ ነበር። ሰው ሊቀረጽ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የማይኩን ፊት አሳየዋለሁ፤ ለምን እንደማሳየውም ስምሽን ጠርቼ እነግረዋለሁ። ይህን እጄ ማይክ ማቆም እስኪያቅተው ድረስ አደርገዋለሁ። አንቺን አልረሳም። ለእሱ ይቅርታ የለኝም፤ ለዚያ ፎቶ አንሺም እንዲሁ።

የሲፈን አባት