በጀልባው ጨዋታ ውስጥ ያለው ድምፅ

ታናሼ፣

ስትነቃ አታገኘኝም፤ እናታችን ዘንድ ሄጃለሁ። ምሳህ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ቧንቧው ዛሬም ስለሚያንጠባጥብ ባልዲው ሲሞላ ድፋው።

«ሳታዳላ ፍረድልኝ» ብለህ የሰጠኸኝን፣ ራስህ የሠራኸውን የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫወትኩት። ጀልባው ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ጆይስቲኩን ማስቀመጥ አቃተኝ። መረቡ ያለ ምክንያት ይጠላለፋል፤ ዓሣዎቹም አንዳንዴ አየር ላይ ይዋኛሉ። ይህን ሁሉ በሳቅ አለፍኩት።

ልዘጋው ስል ግን «ልጄ፣ አሁኑኑ ልትሄድ ነው? ትንሽ አትቆይም?» የሚል ድምፅ መጣ።

የእናታችን ድምፅ ነው።

ስልክህ ላይ የተወችልህን መልእክት ቆርጠህ፣ ተጫዋቹ እንዳይወጣ ማሰሪያ አደረግኸው። አንገሸገሸኝ። አንተ ለዚያ መልእክት እስከ ዛሬ መልስ አለመስጠትህን ሳስብ ደግሞ የባሰ አንገሸገሸኝ።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ እንደ አንተ አይደለሁም» ብዬ እንዳላልፈው ግን፣ እኔም ድምፁን እየሰማሁ መጫወቴን ቀጥያለሁ።

ስለዚህ ሌላ ወቀሳ አልጽፍም።

ድምፁን ዛሬውኑ አውጣው፤ ከዚያም ደውልላት። «ልጄ የሠራውን አሳየኝ» ካለችኝ «ገና አላለቀም» እላታለሁ። ጀልባው እንደሚያምር ግን እነግራታለሁ፤ ይህኛው ውሸት አይደለም።

ታላቅህ