ማሽኑ የቆመበት ካርድ

ሰኞ

«ማሽኑ ፈርቶ ነው የቆመው» አለ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፣ ለተላላኪዋ ሲነግራት። እስካሁን ከሰማኋቸው ምርመራዎች ሁሉ የተሻለው ስለሆነ መዝግቤዋለሁ። ፈራ እንበል። ምን አይቶ?

የሆነው ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ ከተጫኑለት የቀበሌ ካርዶች ለብሔራዊ ውትድርና የደረሱ ወጣቶችን ስም እንዲያትም ታዘዘ። መቶ ያህል አትሞ ደረቀ። ቁልፍ ብትነካ አይሰማም። አጥፍቼ አበራሁት። እዚያው ካርድ ላይ ደረቀ።

ኃላፊያችን ጓድ መርዕድ መጡ። ሙሉ ዝርዝሩን ለሐሙስ ጠዋት ይፈልጋሉ። በእጅ እንጻፈው ብል፣ «ማሽን ተሰጥቶን በእጅ? ኋላ ቀርነት ነው» አሉ።

ማክሰኞ

ፕሮግራሙን የጻፍነው ለሁለት ነው። እኔ ፓስካል በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ፤ ካርድ ፈላጊውን ክፍል ደግሞ ለትምህርት ወጥቶ የቀረው ባልደረባዬ በሲ ቋንቋ። የሱ ክፍል ካርዱን ይዞልኝ አይመጣም። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ የት እንደተቀመጠ የሚያመለክት ቁጥር ይሰጠኛል፤ ጠቋሚ እንለዋለን። ካርዱን ካላገኘው የሚሰጠኝ ዜሮ ነው፤ ባዶ ጠቋሚ። ዜሮ መሆኑን ሳላይ ወደዚያ ከሄድኩ ሰው አላገኝም፤ ማሽኑም ይደርቃል።

ግን አያለሁ። ጽፌዋለሁ፦ ባዶ ከሆነ እለፈው። አሥር ጊዜ አነበብኩት። አያልፍም።

የሚደርቅበትን ካርድ ወረቀቱን ከካርዶቹ ሣጥን አወጣሁ። የቤት ቁጥር፦ «አዲስ»። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ በቀበሌ መዝገብ «አዲስ» ነው፤ ሃያ ዓመት የቆመውም ጭምር። ፈላጊው የሚፈልገው በቁጥር ነውና አላገኘውም። ከአማኑኤል በታች ያለው ሰፈር ደግሞ ግማሹ «አዲስ» ነው።

ረቡዕ

ተገኘ። ጠቋሚው ሁለት ግማሽ አለው። የሲው ክፍል ካርዱን ሲያጣ ዜሮ አድርጎ የሚመልስልኝ አንዱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ላይ ከቀድሞ ሥራ የተረፈ ቁጥር ተኝቷል። ፓስካል ባዶ የሚለው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ግማሽ ባዶ አይቶ «ሰው አለ» ይላል። መድኃኒቱ አንድ መስመር፦ ያንን አንዱን ግማሽ ብቻ እይ። ጻፍኳት። ዛሬ ቢራ ይገባኛል አልኩ።

ከዚያ ካልታተሙት ካርዶች የላይኛውን ገለበጥኩ። ግርማ። የአከራዬ የእትዬ ዘነበች ልጅ፣ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ የሚሠራው። ታላቅ ወንድሙ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፤ የቀረላቸው እሱ ነው። ቤታቸው ቁጥር አለው፤ ማሽኑ ካለፈ ያገኘዋል፣ ያትመዋልም። ቁጥሩን ግርማ ራሱ ከቆርቆሮ ቆርጦ በሩ ላይ ቸንክሮታል።

ካርዱን መደበቅ አልችልም፤ ጓድ መርዕድ ያስረከቡኝ ቆጥረው ነው። መስመሯን አጠፋኋት።

ስመለስ ግርማ በር ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ማሽንህ አብዷል አሉ። አማኑኤል ቅርብ ነው፣ ውሰደው።» እናቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ብዙም አላማረብኝም።

ሐሙስ

ጓድ መርዕድ ፊት አስነሣሁት። ደረቀ።

«ምክንያቱ?»

«የባዶ ጠቋሚ ችግር ነው፣ ጓድ።»

«በአብዮት ዘመን ባዶ የሚባል ነገር የለም።» የካርዶቹን ሣጥን ክዳን ዘጉ። «አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። እስከ ሰኞ ተሰጠኝ።

ዓርብ

ያሉኝ መንገዶች፦ መስመሯን መመለስ። አለመመለስና መታሰር። ታመምኩ ማለት፤ ያኔ ሌላ ሰው ያገኛታል፣ አንድ መስመር ናት። አራተኛ ፈለግሁ፤ የለም።

እትዬ ዘነበች ወሬው ደርሷቸዋል። «ልጄ፣ ወረቀቱ አንተ ዘንድ ነው አሉ።»

«እኔ ዘንድ ነው፣ እትዬ።»

«ይቆያል?»

«ትንሽ ይቆያል።»

«ትንሽም ለእኔ ብዙ ነው» ብለው ገቡ።

ወሰንኩ። መስመሯ አትመለስም። ጀግንነት የእጅ ጽሕፈት እንደሚያበላሽ የነገረኝ አልነበረም።

ቅዳሜ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወታደሮች ምን አለሽ ተራን በአራቱም በኩል ዘግተው ለውትድርና ወጣት አፈሱ። ግርማን ከነመዶሻው ጭነውታል።

እትዬ ዘነበች አላለቀሱም። «ወረቀቱን ሰጠሃቸው?» ብቻ አሉኝ። አልሰጠሁም አልኩ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ሄጄ ጠየቅሁ። ከግርማ ጎን ባልዲ የሚሠሩት ሽማግሌ ጋሽ ከድር፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ ነገሩኝ። ስም የጠየቀ የለም። መኪናው ሲሞላ ሄዱ።