መስኮቱን አልዘጋም

ውድ ወንድሜ ሙአዊያ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከእንጦጦ ከሚወርደው ብርድ ጋር እየታገልን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲያችን የጉንፋን ክትባት ሲሰጥ ቀድሜ የተከተብኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ተቅዋ «በሃያ ዓመትሽ ጉንፋን ምን ያደርግሻል? እንዲያውም ክትባቱ ያሳምምሻል!» ብላ ጎተተችኝ። «ቢያሳምመኝ እኔን ብቻ ነው፤ በሽታ ተሸክሜ ግን ቤቴ አልገባም» አልኳትና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ክንዴን አንድ ቀን አመመኝ፣ በቃ።

ትናንት ደግሞ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ያስላል፣ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ከፈትኩት። አንዲት ሴትዮ «ብርድ ልታስመቺን ነው?» ብለው ጮኹ። ረዳቱም «ወይ ዝጊው ወይ ውረጂ» አለኝ።

«አልዘጋም፣ አልወርድምም!» አልኩት። እስከ አባዶ ድረስ እየተሰደብኩ መስኮቱን ይዤ ሄድኩ።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረና ውሃ እስካመጣላቸው ድረስ አላቆመም። ከዚያ ውጪ ደህና ናቸው። ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ አረፍ ይላሉ እንጂ ይወጣሉ። ሰላታቸውንም ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። እሳቸውንም ላስከትብ ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ነበር፤ ሐኪሟ «መጀመሪያ የሳሉ ምክንያት ይታወቅ» ብላ ለምርመራ ላከቻቸው። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ለዒድ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ዒድን አትጠብቅ፣ በዚህ ወር ና። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ብቻ ተከትበህ ና፤ የሚያስል ሰው፣ አንተም ብትሆን፣ በዚህ በር አላስገባም።

አላህ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ይሰብስበን።

እህትህ ሀውላ