አርፏል የተባለው ሳሙና

ውድ አባባ፣

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞተህ ስለነበር፣ ዛሬ “እንዴት ነህ?” የምልህ ከልቤ ነው።

በስልክ “እዚያ ቤት ማነው እንዲህ የሚነፋረቀው?” ብለህ ስትቆጣ እናቴ “ጉንፋን ነው አባባ፣ ሁላችንንም ጉንፋን ይዞናል” አለችህ። ዋሽታለች። እሷ ልጅህ ስለሆነች ትፈራሃለች፤ እኔ የልጅ ልጅ ነኝና እውነቱን ልንገርህ።

ጥፋቱ የሳሙናህ ነው። ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ከገባህ ወዲህ እዚህ ቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ሐሙስ እዚያ የምታስታምምህ አክስቴ ስትደውል ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሆስፒታሉ ሳሙና ቆዳህን እንዳደረቀው፣ ክንድህን ስታክ እንደምታድር ነገረችኝ።

“‘የራሴን ጥቁር ሳሙና ካላመጣችሁ ገላዬን የሚነካኝ የለም’ ብሎ ነርሶቹን አስመርሯቸዋል። ያ ሳይታመም የሠራው አርፏል ወይ?” አለችኝ።

ሳሙና ሲደርቅና ቆዳ መቆንጠጡን ሲተው “አረፈ” ማለትን ያስለመድከን መቼም አንተው ነህ። ስልኩን እንደያዝኩ ዕቃ ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ አልሰረጎደም። እንዳሳየኸኝ በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግኩት፤ በውስጡ ያለው አመድ አልቆነጠጠኝም። በደስታ ጮህኩ፦

“አርፏል! አዎ፣ በደንብ አርፏል! ደርቆ ድንጋይ ሆኗል እኮ! አይ፣ በጨርቅ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ እናደርገዋለን። እሺ፣ ዛሬውኑ!”

ይህን ብዬ ከባለሱቁ ካርቶን ልለምን ሮጥኩ። ታናሽ ወንድምህ ከበሩ ጀርባ መቆማቸውን በምን ልወቅ? (አንተን “አንተ” እያልኩ እሳቸውን “አንቱ” የምላቸው አንተን አንቱታ ስለሚያስረጅህ፣ እሳቸው ደግሞ ስለሚወዱት ነው።) ሰፈሩ “ዋና ዜና” የሚላቸው በከንቱ አይደለም፤ ግማሹን ይሰማሉ፣ ሙሉውን ያሰራጫሉ።

ካርቶኑን ይዤ ስመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አቀፈችኝና “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አባባ አረፉ” አለችኝ።

እኔ ከወጣሁ በኋላ አክስቴ ደግማ ደውላ ነው ብዬ አመንኩ። ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን በላዬ ላይ ዘጋሁ። ብጉር ወርሮኝ ከቤት አልወጣም ያልኩ ጊዜ አረፋውን በመዳፍህ ሠርተህ “በእጅሽ ቀስ ብለሽ ቀቢው እንጂ ሳሙናውን አትፈትጊበት፤ ፊትሽ ድስት አይደለም” ያልከኝ ትዝ አለኝ። ከእንግዲህ እንዲህ የሚለኝ ማነው? አባባ፣ እንባ አትበለው፤ ጎርፍ ነበር።

በዚያ መሀል ከሳሎን የዋና ዜና ዋይታ መጣ፦

“ወንድሜን! ወንድሜን! ከእንግዲህ በምን ልታጠብ ነው!”

እንባዬ ቀጥ አለ። “ሰው እንዴት በከሰል ይታጠባል?” እያሉ ሲያሾፉብህ የኖሩት ሰውዬ! ከመደርደሪያው ሳሙና በጎደለ ቁጥር አይጥ በላው ስንል የከረምነው፣ ለካ አይጡ አንቱታ የሚወድ ነው። ዘልዬ ወጣሁ።

“ጋሼ፣ ለመሆኑ ማን ነገረዎት?”

“አንቺ ነሻ!”

“እኔ?”

“አዎ፣ አንቺ! በነዚህ ጆሮዎቼ! ‘አርፏል’ አላልሽም? ‘ደርቆ ድንጋይ ሆኗል’ አላልሽም? ደግሞ በደስታ! ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግነው እያልኩ ነበር!”

“ጋሼ፣ ሳሙናው እኮ ነው ያረፈው!”

እናቴ ስልኩን እጄ ላይ ጣለችልኝ፤ ለአክስቴ ደወልኩ። አክስቴ ገና “ሃሎ” ስትል ከኋላዋ “ሳሙናዬን ላኩ በያቸው!” የሚል ጩኸት ተሰማ። በሕይወቴ ቁጣህ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ያን ጊዜ የሰማኸው ልቅሶ እንግዲህ በመሞትህ አልነበረም፤ በመኖርህ ነው። ጎረቤቶቹም ለልቅሶህ ያመጡት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲስቁብን አመሹ።

ሳሙናውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ካርቶኑን ግን “እኔ ነኝ የማስረው” ብለው ጋሼ ቀሙኝ። “አንድ ላስቀርልዎት?” ብላቸው “ለምኔ? ከሰል!” አሉኝ። የኮታቸው ኪስ ግን አብጧል። አንድ ቢጎድልብህ አትቆጣቸው፤ ከልባቸው ነው ያለቀሱልህ።

ታጠብበት፣ ስትጨርስም ቆዳህን የሚያለሰልሰውን የሺአ ቅቤህን መቀባት እንዳትረሳ። ለሚቀጥለው ሳሙና አመድ የሚሆነንን የሙዝ ልጣጭ ጣሪያ ላይ ማስጣት ጀምሬያለሁ። ማቃጠሉን እችላለሁ፤ ከፓልም ዘይቱ ጋር ሲፈላ ማማሰሉን ግን ያላንተ አልነካውም። ስለዚህ ሐኪምህ ሂድ ሲልህ የትም ሳትዞር ቀጥ ብለህ ና።

ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥታህ የነበረች
የልጅ ልጅህ