ለሟች አማቴ የሚቀመጠው ሳህን

ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ ለእትዬ ፊሎሜና፤ ሆንግ ኮንግ።

እንደምን ከርመሻል? የሰው ቤት ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ፣ እሱ ይመስገንና፣ ትል ከፈጀው ትምባሆ በቀር ደህና ነን።

ስለ ነፍሰ ገዳዩ ባልዶሜሮ ጠይቀሽኝ ነበር። አልተያዘም። ፖሊስ ተራራውን ሲያስስ እሱ በአንድ ቀን ሦስት ከተማ ታየ ይባላል፤ ጥይት አይመታውም ይላሉ። ማን እንደሚያበላው ግን የሚናገር የለም። ሴቶቹ ዛሬም የሚያወሩት ስለ ጊታሩ ነው። ድሮ በሶሌዳድ መስኮት ሥር ሲዘፍን አንቺም ሰምተሽዋል፤ ድምፁ ያን ያህል አልነበረም።

ባለቤቴ ሶሌዳድ ደህና ናት። ለአባቷ ነፍስ ጓሮ ምግብ የምታስቀምጠው በበዓል ብቻ ነበር፤ አሁን በየማታው ሆኗል። ባለፈው ሳህኑን ታጥቦ አገኘሁት።

«ማን በላው?» አልኳት።

«ውሻ ነዋ!»

«ሳህን የሚያጥብ ውሻ?»

«ወይ አንሴልሞ! በሞተ ሰውም ትቀና ጀመርክ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አማቴ በሕይወት ሳሉ ሳህን አጥበው አያውቁም።

ትናንት የፖሊሱ መቶ አለቃ መጥቶ «ጓሯችሁ ሰው ይመጣል?» አለ። ሶሌዳድ አየችኝ። «ከሙታን በቀር ማንም አይመጣም» አልኩት። ማታ «ደክሞሃል፣ ና ጀርባህን ልሽህ» ብላ በኮኮናት ዘይት አሸችኝ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

እዚያ ለሴት ሥራ አይጠፋም ስትዪ ነበር። ለእሷ ፈልጊላት። ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው።

ልጆቹ እጅሽን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይሳለሙሻል።

ወንድምሽ አንሴልሞ