“ከጋራዥ አይውጣ” ያሉት መካኒክ፤ የአቶ ሽብሩ ሎምባሞ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽብሩ ሎምባሞ ከአባታቸው ከአቶ ሎምባሞ ኤርጋኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበራሽ ሀንዲሶ በሆመቾ አካባቢ በ1918 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓመቱን በወረቀት ያሰፈረ ሰው አልነበረም፤ እናታቸው “ጣሊያን ሲገባ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር” ይሉ ስለነበር ከዚያ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በግምት የተቀመጠው ይህ ብቻ ነው። የቀረውን ጸሐፊው ወይ በዓይኑ አይቶታል፣ ወይ ከባለጉዳዮቹ አፍ ሰምቶታል፤ ስለዚህ ለቀስተኛው እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያዳምጥ ይለምናል።

አቶ ሽብሩ ለትምህርት የደረሱት በጦርነት ዘመን ስለነበር ፊደል የቆጠሩት ዘግይተው ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሆሳዕና በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው በ1937 ዓ.ም.፣ እናታቸው በተከታዩ ዓመት ሲያርፉ ግን ትምህርቱ ቀረ። ታናሽ ወንድማቸው ኤሊያስ ያን ጊዜ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አቶ ሽብሩ ሻሸመኔ ወርደው በአንድ ጋራዥ በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ፤ ከሚያገኙት ላይ ልብሱንም ደብተሩንም እየላኩ ወንድማቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማሩት። ኤሊያስ ዛሬ ይህን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው በዚያ ትምህርት ነው።

በሻሸመኔ ስምንት ዓመት ቆይተው ከዕቃ አጣቢነት ወደ መካኒክነት ደረሱ። ሁሉንም ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ስማቸው የተጠራው ግን የሚግል ሞተር በሽታ በማወቅ ነው። መኪና ሲግል ሌላው ሰው የራዲያተር ክዳን ለመክፈት ይሮጣል። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጀመሪያ ሾፌሩን ይጠይቃሉ፤ የጋለው ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ፣ ውሃ ስንት ጊዜ ጨመርክበት ይላሉ። ቀጥሎ የፋኑን ቺንጋ፣ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ላልቶ እንደሆነ ያያሉ። ከዚያ ውሃው ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚመጣበትን የላይኛውን ቱቦ፣ በርዶ የሚመለስበትንም የታችኛውን ይዳስሳሉ። የላይኛው እያቃጠለ የታችኛው ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም ማለት ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ደግሞ ውሃ ገብቶበታልና ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይወርዳል። ክዳኑን የሚከፍቱት ሞተሩ ከበረደ በኋላ ብቻ ነበር። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የቸኮለ የሚለቅመውም አያገኝም” ይሉ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ወደ ሆሳዕና ተመልሰው በገበያው መውጫ ጋራዥ ከፈቱ። በ1947 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገነቴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ጣቢታንና ዋለን ወለዱ። የቅርብ ወዳጃቸው ሾፌሩ አቶ ረሺድ ነበሩ። በበዓል ሥጋ አይላላኩም፤ ቅቤና ማር ግን አንዱ ለሌላው ሳይልክ የዋለበት ገናም ሆነ አረፋ አልነበረም። አቶ ረሺድ ማንም “መኪናው ደህና ነው” ቢላቸው ራሳቸው ሳያዩ አይነዱም፤ አቶ ሽብሩ ካሉ ግን ወዲያው ሞተር ያስነሳሉ።

በ1950 ዓ.ም. ሁለቱ ወዳጆች በአንድ የጭነት መኪና ከአዲሎ ሲመለሱ ራዲያተሩ ተሰንጥቆ ውሃው መንገድ ላይ ፈሰሰ። ብየዳ የለ፣ መለዋወጫ የለ። አቶ ሽብሩ ከአንዲት ገበያተኛ እፍኝ ቡላ ለምነው በውሃ በጥብጠው ጨመሩበት። የእንሰቱ ዱቄት ሲሞቅ እንደሚረጋ ማን ያጣዋል? ስንጥቁን ደፈነውና ሆሳዕና ገቡ። በማግስቱ ራዲያተሩን ፈተው፣ አጥበው፣ በየዱት። አገሩ ግን የሰማው የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ብቻ ነው። ማጠቡንና መበየዱን ማን ያውራው? ከቦኖሻ እስከ ሆመቾ ሾፌር ሁሉ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ከወንበሩ ሥር ይዞ መሄድ ጀመረ፤ “የሽብሩ መድኃኒት” ተባለ። አቶ ሽብሩ “እሱ ለአንድ መንገድ ነው፤ ካደረ ቧንቧዎቹን ይደፍናል” እያሉ ሲቆጡ ለሾፌሮቹ ሙያ የሚሸሽጉ መሰላቸው። ለአገራችን ሰው ግማሽ ምክር ይበቃዋል፤ ሌላውን ግማሽ ከራሱ ይሞላበታል።

በታኅሣሥ 1957 ዓ.ም. በቦኖሻ የምእመናን ጉባኤ ተጠራ። ሕዝቡን የሚያመላልሰው የአቶ ወንዳፈረው አውቶቡስ ነበር። አቶ ወንዳፈረው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሾፌራቸው አቶ ረሺድ፣ ትኬት ቆራጫቸው ኤሊያስ ነበር። ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው አውቶቡሱ እየጋለ አስቸገረ። አቶ ረሺድ ለቤተሰብ ጉዳይ ቁሊቶ ሄደው ስለነበር መኪናውን ወደ ጋራዥ ያመጡት ባለቤቱ ናቸው፤ ኤሊያስም አብሯቸው ነበር።

አቶ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፣ ቺንጋውን ተጫኑ፣ ቱቦዎቹን ዳሰሱ። የላይኛው እጅ አያስቀምጥም፤ የታችኛው ቀዝቅዟል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው ክዳኑን ሲከፍቱ ጣታቸውን ነጭ ሙጫ ያዘው። ሾፌር በተቀያየረ ቁጥር ሲጨመርበት የኖረ ቡላ ነበር።

“አቶ ወንዳፈረው፣ ይህ ራዲያተር ተፈቶ በሶዳ ውሃ መቀቀል አለበት። ሁለት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ከጋራዥ አይውጣ፤ ዳገት ላይ ይፈላና ሰው ይጎዳል” አሉ።

“ጉባኤው የእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ያደርሰናል” አሉ አቶ ወንዳፈረው።

“እሱማ ያደርሳል። ራዲያተር ማጠቡን ግን ለእኔ ነው የተወልኝ።”

አቶ ወንዳፈረው ተቆጥተው አውቶቡሱን አስነስተው ወጡ። ኤሊያስ ከሁለቱ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። የአቶ ወንዳፈረው ደጅ ሲደርሱም ራዲያተሩ ውሃ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ሌላ እፍኝ ቡላ ሲጨመርበት፣ በጥብጦ የጨመረው እጅ የኤሊያስ ነው።

አቶ ረሺድ ከቁሊቶ ተመልሰው “መኪናው እንዴት ሆነ?” ሲሉ፣ ባለቤቱ “ሽብሩ አይቶታል፤ ደህና ነው ብሏል” አሏቸው። የሽብሩ ስም ሲጠራ አቶ ረሺድ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ኤሊያስ እዚያም ነበረ። እዚያም ዝም አለ።

ሄደው ደረሱ፤ ቁልቁለት ነውና። ከጉባኤው ሲመለሱ ግን ከቦኖሻ ወደ ሆሳዕና የሚወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለ። አቶ ረሺድ ዳር ይዘው አቆሙና እንደ ተማሩት ጠበቁ። ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣው ቀጭን ቱቦ በቡላ ተደፍኖ ስለነበር ጭስም ፉጨትም አልታየም፤ የበረደ መሰላቸው። በጨርቅ ይዘው ክዳኑን ገና ሲነኩት የፈላው ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ወርዶ ያልፍ ነበር። ቡላ ያለበት ግን እንደ ገንፎ ተጣብቆ ቀረ። አቶ ረሺድ ሁለት ዓይናቸውን ያጡት በዚያች ቅጽበት ነው።

በጥር ወር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አቶ ወንዳፈረው “መኪናው ደህና ነው ብሎ የሰጠኝ ሽብሩ ነው፤ የቡላውንም መላ ለአገር ያስተማረ እሱ ነው” ብለው ቃላቸውን ሰጡ። አቶ ሽብሩ “የመጀመሪያዋ እፍኝ የእኔ ናት፤ ከእሷ አልሸሽም። ይህን አውቶቡስ ግን አይውጣ ብያለሁ፤ ወንድሜም እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር” አሉ። ኤሊያስ ተጠየቀ። “እኔ ውጭ ነበርኩ፤ የሰማሁት ነገር የለም” አለ።

ዋሸ። ሁለት ልጆች ነበሩት፤ እንጀራውም ከአቶ ወንዳፈረው ነበር። ይልቁንም ቡላውን የጨመረው ማን እንደሆነ እንዳይጠየቅ ፈርቶ ነበር። አቶ ሽብሩ ወንድማቸውን አንድ ጊዜ አዩትና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተከራከሩም። ከጌታ እራት ተከለከሉ፤ በመዝገቡም “በቸልተኝነቱ ሰው ያሳወረ” ተብሎ ተጻፈባቸው።

ጋራዡ ደንበኛ አጥቶ በዓመቱ ተዘጋ። መኪናቸው ሲብስባቸው በጓሮ በር ብቅ ብለው የሚያማክሯቸው ሾፌሮች ነበሩ፤ በገበያ ሲያገኟቸው ግን ሰላምታ አይሰጡም። እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል እንዲህ ያደረገ ራሱን ያውቃል። አቶ ሽብሩ ሆመቾ ሄደው የወፍጮ ቤት ሞተር ጠባቂ ሆኑ። በየአረፋው ቅቤ ይዘው አቶ ረሺድ ደጅ ይደርሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ በር ላይ ተቀብለው ያመሰግኗቸዋል። ከውስጥ ግን የአቶ ረሺድ ድምፅ “ሄደ ወይ?” ይላል። ሰባት አረፋ እንዲህ አለፈ። ስማቸው በመዝገብ መበላሸቱን ችለውት ነበር፤ ያልቻሉት ይህችን “ሄደ ወይ” የምትለውን ነው።

በሐምሌ 1963 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጀመራቸው። በሆሳዕና ሕክምና ቢደረግላቸውም ሊሻላቸው አልቻለም፤ ጥቅምት 26 ቀን 1964 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ገነቴ ኤሊያስን ጠርተው “ታሪኩን አንተ ጻፈው፤ አንተ ነህ የምታውቀው” አሉት። ኤሊያስ እስከዚያች ሰዓት የሚያውቁ አልመሰለውም ነበር። ጋሼ ሽብሩ ሁሉን ነግረዋቸው ኖሯል። “ለምን ረሺድን አትነግረውም? ለምን ወንድምህን በሽማግሌ ፊት አታቆመውም?” እያሉ ሰባት ዓመት ሲወተውቷቸው፣ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። “ያሳደግኩትን ልጅ በአደባባይ ውሸታም አሰኝቼ የማገኘው ስም ምን ያደርግልኛል?” ይሏቸው ነበር።

ስለዚህ ኤሊያስ ራሱ በአደባባይ ይናገራል። አቶ ሽብሩ ሎምባሞ ያ አውቶቡስ ከጋራዥ እንዳይወጣ ከልክለው ነበር። ደህና ነው አላሉም። ሽማግሌዎቹ ስማቸውን ከዚያ መዝገብ ዛሬውኑ፣ እሳቸው አፈር ሳይለብሱ እንዲሰርዙላቸው ቤተሰቡ ይጠይቃል።

አቶ ረሺድ “ለቀብር አይኮረፍም” ብለው በባለቤታቸው እጅ ተመርተው መጥተው ከሕዝቡ ኋላ ቆመዋል። ይህን ገና ዛሬ መስማታቸው ነው። በቤታቸው ደጅ በአቶ ሽብሩ ፊት ሰባት ዓመት የተዘጋው በር በውሸት ነበር የተዘጋው፤ የሚከፍቱለት ወዳጅ አሁን የለም። ከእሳቸው ይቅርታ የሚጠይቅ አፍ ኤሊያስ የለውም።

አቶ ሽብሩ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። እውነቱን የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ገነቴ፣ ለጣቢታና ለዋለ፣ ለወዳጃቸውም ለአቶ ረሺድ መጽናናትን ይስጥ። ወንድማቸውን ኤሊያስን ግን ዛሬ ማንም “እግዚአብሔር ያጽናህ” አይበለው።